የጥሩሰውና የአሳምነው ዜማ በገነቴ ጓሮ

ሆሳዕና የደረስኩት በ1959 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ለአንድ ዓመት አቋርጠው በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምሩ በነበረበት ጊዜ፣ የእኔ ዕጣ እዚያ ወጣ። ከመናኸሪያው ሻንጣዬን ተሸክሞ ያደረሰኝ ሰው፣ «ክረምቱ ሁለቱን ወሰደብን። ደህና ጊዜ አልመጣህም» አለኝ። ወረርሽኝ የገባ መስሎኝ ደነገጥኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሁለቱ ያላቸው ጥሩሰውና አሳምነው የሚባሉ ሙዚቀኞች ነበሩ።

ጥሩሰው የአገሩ ልጅ ነው፤ ዋሽንት ነፊ፣ በሀዲይኛ ግጥም ገጣሚ። አሳምነው ግን ከሰሜን ከአንድ ዳኛ ጋር መጥቶ፣ ዳኛው ሲዛወር እሱ መሰንቆውን ይዞ የቀረ ሰው ነበር። ሃያ ዓመት ያህል አብረው ተጫውተዋል። ከሆሳዕና እስከ አዲሎ፣ ከአዲሎ እስከ ሀደሮ፣ እነሱ ያልነበሩበት ሰርግ በግማሽ እንደተደረገ ይቆጠር ነበር አሉ። አሳምነው ሀዲይኛ የለመደው ከዘፈን ስለሆነ፣ ገበያ ወርዶ ሽንኩርት ሲጠይቅ እንኳ የሚያዜም ይመስል ነበር። ሐምሌ ላይ ጥሩሰውን ሳንባ ምች ገደለው። አሳምነው ሦስት ሳምንት ቆይቶ ተከተለው። የጥሩሰው ዘመዶች የወንጌል አማኞች ስለሆኑ በመዝሙር ቀበሩት፤ አሳምነው በፍትሐት ተቀበረ። ሁለቱም ቀብር በወጉ ነበር። ግን በሁለቱም ላይ እነሱ ራሳቸው ያወጡት አንድም ዜማ አልተሰማም።

ይህን ያስተዋለችው፣ የተከራየሁበት ቤት እመቤት ገነቴ ናት። እኔም ልጽፍ የተነሳሁት ስለ እሷ ነው።

ገነቴ ያኔ ወደ አርባ ዓመት ይሆናት ነበር። እጆቿ ትልልቅ፣ አረማመዷ የማይቸኩል፣ ሳቋ ከአጥር የሚያልፍ ሴት ናት። ባሏ ብዙነህ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ነበር፤ ደብዳቤ ሲያደርስ ወሬ ይዞ ይመለስና፣ ወሬውን ከደብዳቤው ይበልጥ በጥንቃቄ ያደርሳል። ልጃገረድ ሳለች በየሰርጉ ሴቶቹን እየመራች የምትቀበል እሷ ነበረች። ጥሩሰው መጻፍ አይችልም፤ አዲስ ዜማ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚነግራት ለእሷ ነው። አንዴ ከሰማች ይበቃታል። እሱ ራሱ የረሳውን መጥቶ ይጠይቃት ነበር። በኋላ ግን ከብዙነህ ጋር ጸሎት ቤት ገቡ፤ በጉባኤ ፊት ቆማ ዘፈን መተዋን ተናገረች። አሥራ አምስት ዓመት ቃሏን ጠብቃለች። እኔ ስደርስ የሴቶች ኅብረት መሪ ነበረች።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማለዳ፣ ባልዲ ይዛ ከግቢው መሀል ደርቃ ቆማ አየኋት።

«ምነው እትዬ ገነቴ?»

«ጠፋኝ።»

«ምኑ?»

«የጥሩሰው የላሟ ዜማ። ሁለተኛው ቤት ጠፋኝ።»

እስከ እኩለ ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ከሰዓት በኋላ ከጓሮ ጩኸት ሰማሁና ሮጬ ስደርስ ስትስቅ አገኘኋት፤ ዜማው መጥቶላታል። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ማታ እራት ስታቀርብልን እንዲህ አለች፦ «እነሱ በሕይወት ሳሉ ግድ አልነበረኝም፤ ባለቤት አለው እል ነበር። እኔ አፌን ዘግቼ አኖርኩት። አሁን የቀረሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዜማ ነው። ለሌላ ሰው ካላስያዝኩት አብሮኝ ጉድጓድ ይገባል።»

እኔ የተማርኩት ልጅ ደብተሬን አወጣሁ። «ንገሪኝ፤ ልጻፈው።»

በሀዘኔታ አየችኝ። «ወረቀቱ ያዜማል?»

ብዙነህ ሳቀብኝ። እኔም ደብተሬን አጠፍኩ። ዛሬ ሽማግሌ ሆኜ ሳስበው፣ ከአራት ዓመት ትምህርቴ ይልቅ ያቺ ጥያቄ ብዙ አሳስባኛለች። የገበሬ ሥራ ጎተራ ውስጥ ይታያል፤ የግንበኛም ግድግዳው ይቆማል። ሙዚቀኛ ግን ሥራውን ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ካላኖረው በስተቀር፣ ሲሞት ሁለቴ ይሞታል። ገነቴ ይህን አልተፈላሰፈችውም። ባልዲ ይዛ ቆማ አገኘችው።

ተደብቃ ማድረግ ትችል ነበር። አልፈለገችም። የጸሎት ቤቱን ሽማግሌ አቶ ብሩን ቤት ድረስ አስጠራቻቸው። አቶ ብሩ ረዥም ቀጭን ሰው ናቸው፤ በበጋም ጃንጥላ ይይዛሉ። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጀርባቸው ወንበሩን አይነካም። እኔ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ፤ ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል።

«በጉባኤ ፊት ዘፈን ትቻለሁ ብለሻል» አሉ አቶ ብሩ።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን አመጣው?»

«ጋሼ ብሩ፣ እንሰት ስንፍቅ እናዜም የለም እንዴ?»

«እሱ የሥራ ዜማ ነው። ማን ከለከለ? ያለ ዜማ እንሰት አይፋቅም።»

«እንግዲያው የጥሩሰውንና የአሳምነውን እየፋቅን እናዚም። ሴቶቹ ይያዙልኝ። ከዚያ በኋላ አላነሳውም።»

እንሰት መፋቅ የሴቶች ደቦ ነው። የእንሰቱን ግንድ እየላጡ፣ ያጋደለ ሳንቃ ላይ በእግራቸው ረግጠው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ ልሙ ለቆጮ ወደ ጉድጓድ፣ ክሩ ለገመድ ቃጫ ወደ ጎን። ወንድ እዚያ አይቀርብም፤ ነውር ነው። ነቅሎ እስከ ጓሮው በር ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሴቶች አገር ነው።

የአቶ ብሩ ጃንጥላ ጫፍ ወለሉን ጭሮ ጭሮ ሲያቆም ሰማሁ።

«እጅ እስከሠራ ድረስ ሥራ ነው» አሉ። «እጅ ቆሞ ዜማ ከቀጠለ ግን ዘፈን ነው። አንድ ቀን እፈቅድልሻለሁ። አንድ! እጅ የቆመ ዕለት ከመሪነትሽ ትወርጃለሽ፤ ከጌታ ራትም ትታገጃለሽ። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔም መጥቼ እከታተላለሁ።»

«እርስዎ? እንሰት መፋቂያው ዘንድ?»

«ከአጥሩ ውጭ እቀመጣለሁ። መፋቂያ ሲፍቅ ይሰማል።»

በዩኒቨርሲቲ ሥነ ምግባር የሚባል ትምህርት ወስጃለሁ። ይህን ያህል ቀጭን መስመር ያሰመረ ፈላስፋ ግን አላጋጠመኝም ነበር። ያኔ ስቄባቸዋለሁ። አሁን አልስቅም፤ ሰውየው ከልባቸው የሚወዷትን ሴት ላለማሰናከልም፣ ሕጋቸውን ላለማፍረስም የሚያስችል ቀዳዳ እየፈለጉ ነበር፤ ያገኙት ያንን ነው።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ተቀጠረ። ከማለዳ እስከ ቀትር ብዙነህ ስምንት እንሰት ነቀለ። ላቡን እየጠረገ፣ «እንኳን ለሁለት ሙታን ለመንደሩ ይበቃል» አለና ጽሕፈት ቤት ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጽሕፈት ቤቱ ዝግ ነው። ሴቶቹ ከገነቴ ጋር አሥራ አንድ ሆኑ። ከመካከላቸው ወይዘሮ እህተማርያም የሚሏት የጉራጌ ልጅ ነበረች። ጨርቅና ጨው ትነግዳለች፤ ኦርቶዶክስ ናት፤ እንሰት መፋቅ ግን ከሁሉም ትቀድማለች። በአጥሩ በኩል ስታልፍ አቶ ብሩን አየቻቸው።

«ጋሼ ብሩ፣ ዛሬ ዘበኛ ተቀጠሩ?»

«ሥራሽን ሥሪ እህተማርያም።»

«እኔን እንኳ የእርስዎ ሕግ አይገዛኝም። ለሥራውና ለሐሜቱ ነው የመጣሁት።»

እኔና አቶ ብሩ ከአጥሩ ውጭ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከወዲያ ማዶ አሥራ አንድ መፋቂያ በአንድነት ተነሳ። ከዚያ የገነቴ ድምፅ ወጣ። አሥራ አምስት ዓመት ተዘግቶ የኖረ ድምፅ ነው። የመጀመሪያዋን ሐረግ እንደ ዛገ በር ከፈተቻት፤ ሁለተኛዋ ላይ ጠራ፤ ሦስተኛዋ ላይ ሴቶቹ ተቀበሏት።

ሀዲይኛ ገና አልለመድኩም ነበር። «ምንድን ነው የምትለው?» ብዬ አቶ ብሩን ጠየቅሁ።

«ስለ ላም ነው።»

ቀጥሎ ስጠይቅ፣ «ስለ ሴት ነው» አሉ፤ ፊታቸውን አዞሩ። በአምስተኛው ላይ ግን ሳልጠይቃቸው ዘወር አሉ። «ይኸውልህ መምህር፣ እዚህ ላይ ወንዙ ሞልቶበታል። እሷ ከማዶ ናት። ወንዙን ልጠጣህና ልሻገር ይለዋል። ገባህ?» በአሥረኛው ደግሞ እጄን ይዘው፣ «አማርኛው አይሞላም እንጂ፣ ይኼ ቃል እኛ ዘንድ ብዙ ነገር ነው» ይሉኝ ጀመር። እግራቸውን አየሁ። የጫማቸው አፍንጫ መሬቱን እየነካ ነበር። ሳየው አቆመ።

በዜማና በዜማ መካከል ሴቶቹ ስለ ሁለቱ ያወራሉ። እህተማርያም የአዲሎውን ሰርግ አመጣች። የአሳምነው መሰንቆ ክር ተበጥሶበት፣ የፈረስ ጭራ ሲፈልግ አጥቶ፣ የሙሽራውን በቅሎ ጭራ ነጨ። በቅሎዋ ሙሽራውን ይዛ በረረች። ሙሽራው ሲመለስ ሰርገኛው በልቶ ጨርሷል፤ አሳምነው በአዲሱ ክር ስለ በቅሎዋ ሩጫ አዲስ ዜማ አውጥቷል።

«ያችን ዜማ አውጪያት!» አለች አንዷ። ገነቴ አወጣቻት። ሳቅና መፋቂያ ተደባለቀ። አቶ ብሩ መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ እኔ ግን ሳቃቸውን ሲሸፍኑ አየሁ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው። ገነቴ የእንሰቱን ብዛት የለካችው በተለመደው የእንሰት ዜማ ነበር፤ እሱ ቀስ ያለ ነው። የጥሩሰውና የአሳምነው ግን የሰርግ ዜማ ነው፤ እጁን አፈጠነው። ገና ሃያ ሁለተኛው ላይ ስምንቱ እንሰት አለቀ።

«ብዙነህ!» ብላ ተጣራች ገነቴ። ብዙነህ ለካ ሥራ የሄደው ጎረቤት ድረስ ነው፤ መጥቶ ሦስት ነቀለ። «ሴትዮ፣ ጓሮዬን ልትጨርሺው ነው? እነሱ ሞቱ እንጂ እኔ አልሞትኩም፤ ለከርሞ የምበላው ተይልኝ!»

«ከርሞማ ቆጮው ይጠብቅሃል፤ ይኸው ጉድጓዱ ሞልቶ» አለችው እህተማርያም። እሷም ከራሷ ጓሮ ሁለት አስመጣች። «ቀስ ያለውን! ገነቴ፣ ቀስ ያለውን አውጪ!» ይባል ጀመር። ገነቴ ቀስ ያለውን ሁሉ ፈልጋ አወጣች። ግን የሴቶቹ እጅ አንዴ ሞቋል።

ሠላሳኛው ዜማ ላይ የመፋቂያዎቹ ድምፅ አንድ በአንድ እየቀነሰ መጣ። አምስት፣ ሦስት፣ አንድ። ያቺ አንዷ ግን አላቆመችም። ዜማውም አላቆመም። አቶ ብሩ ቀና አሉ። ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው ተነሱ።

«አቁሙ!»

ዜማው ተቆረጠ።

«ይኼ የባዶ ሳንቃ ድምፅ ነው። እኔ የእንሰት አገር ልጅ ነኝ! ቀርከሃ እንሰት ሲፍቅና ሳንቃ ሲፍቅ አለያየውም መሰላችሁ?»

ከአጥሩ ወዲያ ገነቴ ተናገረች።

«እነሱን አይውቀሱ። እንሰቱ ሲያልቅ ባዶውን ፍቂ ያልኳት እኔ ነኝ።»

እኔ የማይገባኝ ገብቼ፣ «አቶ ብሩ፣ በባዶ የተዜመው አንድ ሐረግ እንኳ አይሞላም እኮ...» አልኩ። እጃቸውን አነሱብኝ።

«ስንት ቀረ?» አሉ ወደ አጥሩ።

«አንድ።»

«የትኛው ነው?»

ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ እህተማርያም ከዳር ሆና፣ «የእርስዎ ሰርግ ነዋ፣ ጋሼ ብሩ!» አለች።

አቶ ብሩ ጃንጥላቸውን ከመሬት ነቅለው፣ ሰላምታ ሳይሰጡ፣ መንገዱን ይዘው ሄዱ። ረዣዥም እግራቸው ሲፈጥን አየሁ። ሴቶቹም በአጥሩ ቀዳዳ አዩ። «ሌሎቹን ሽማግሌዎች ሊጠሩ ነው» አለች አንዷ። ሌላዋ ማልቀስ ጀመረች፤ ባዶውን ሳንቃ ስትፍቅ የነበረችው ናት።

«አታልቅሺ» አለቻት ገነቴ። «ቢመጡ ይምጡ። ሠላሳው ተይዟል። ከእንግዲህ እኔን ቢያግዱኝ እንኳ እናንተን አፋችሁን ማን ይቀማል? አንዱ ነው የሚቆጨኝ።» ከዚያ መሳቅ ሞከረች፤ ግን ሳቋ ከአጥሩ አላለፈም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሆነ። ብዙነህ ጥግ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያዟዟረ፣ «ነግሬያት ነበር» ይለኛል፤ ምንም አልነገራትም ነበር። ከዚያ ከመንገዱ ጠርዝ አህያ ብቅ አለች። በጀርባዋ ላይ ቅጠሉ የተመተረ፣ ለሁለት የተከፈለ ትልቅ የእንሰት ግንድ ተጋድሟል። ከኋላዋ አቶ ብሩ ናቸው። ነጭ ሸሚዛቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆኗል። ጃንጥላቸው የለም። አህያዋን በጓሮው በር አቆሙ።

«ባለቤቴ ቆጮ አልቋል እያለች ሰሞኑን ስትነዘንዘኝ ነበር» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «ካልደከማችሁ ፍቁልኝ።»

«ለሥራ ነዋ!» አለች እህተማርያም።

«ለሥራ ነው።»

ከአጥሩ ወዲያ የወጣው እልልታ አህያዋን አስደነበራት። ግንዱ ገባ፤ አሥራ አንዱ መፋቂያ ተነሳ፤ ገነቴ ሠላሳ አንደኛውን ጀመረች። አቶ ብሩ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡና እየተነፈሱ ይተረጉሙልኝ ጀመር። ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ነው የተጋቡት። ሙሽራው ፈርቶ ከአማቶቹ ጓሮ ተደበቀ፤ የእንሰቱ ቅጠል ሰፊ ነው፣ እግሩ ግን ረዥም ነውና ከሥር ወጥቶ ታየ፤ ሰርገኞች ሆይ፣ ሁለት እግር ያለው እንሰት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«እውነት ተደብቀው ነበር?» አልኳቸው።

«ለጥቂት ጊዜ» አሉ።

ገነቴ ዜማውን ልትዘጋ ስትል አቶ ብሩ ድንገት ጮኹ። «ዘለልሽ!»

መፋቂያው እንደቀጠለ ነው። ገነቴ ብቻ ዜማውን አቋረጠች። «ምን ዘለልኩ ጋሼ ብሩ?»

«የሙሽሪትን ቤት ዘለልሽ። እሷ የምትመልሰውን።»

«እኔ ይኼን ብቻ ነው የማውቀው። ጥሩሰው ሌላ ቤት አልነገረኝም።»

«አልነገረሽማ። እናንተ የሴት ወገኖች ወደ ቤታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ነው እኛ ዘንድ ያወጣው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ይበሉት!» አለች ገነቴ። የዚያን ጊዜ ድምፅዋን አልረሳውም። የተራበ ሰው ድምፅ ነበር።

አቶ ብሩ ሁለቱን መዳፋቸውን ዘርግተው አዩ። ሕጉ የእሳቸው ነው፤ መዳፉ ደግሞ ባዶ ነው። ወንድ ናቸውና መፋቂያ መያዝ አይችሉም። አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ አንድ ጊዜ ወደ ብዙነህ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ተጣሩ።

«ቃጫ አቀብሉኝ!»

ገመድ መግመድ የወንድ ሥራ ነው። ይህን ለመረዳት ለእኔ ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ፤ ለሴቶቹ ግን ምንም አልፈጀባቸውም። አንድ እቅፍ ቃጫ በአጥሩ ላይ ተወርውሮ አቶ ብሩ ራስ ላይ አረፈ።

«እርጥብ ነው እኮ!» አለ ብዙነህ።

«እርጥብም ይገመዳል» አሉና ከራሳቸው ላይ አንስተው፣ ሱሪያቸውን ወደ ጉልበት ሰብስበው፣ ጭናቸው ላይ ይገምዱ ጀመር። ከዚያ አዜሙ። ድምፃቸው የተሰነጠቀ ነው፤ ዜማው ግን አልተዛነፈም። እየገመዱ የሙሽሪቷን መልስ አወጡት፦ ተዉት ይደበቅ፣ አትፈልጉት፤ ጓሮውን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ በጓሮዬ የበቀለውም የተደበቀውም የእኔ ነው።

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። እህተማርያም ስትስቅ መፋቂያዋ ወደቀባት፤ ሌሎቹ፣ «እጅሽ! እጅሽ!» ብለው ጮኹባት፤ አንስታ ቀጠለች።

አቶ ብሩ ጨርሰው ላባቸውን ሲጠርጉ ገነቴ ከአጥሩ ወዲያ ተናገረች።

«ጋሼ ብሩ፣ አልያዝኩትም። ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት።

«ሁለተኛው ሐረግ አምልጦኛል።»

አሁንም ደገሙላት። አንዴ ከሰማች የሚበቃት ሴት መሆኗን እኔም፣ ብዙነህም፣ ሴቶቹም ሁሉ እናውቃለን። አንዳችንም አልተነፈስንም። አራተኛው ላይ ሳትጠይቃቸው ራሳቸው ጀመሩት። ገመዱ ከጉልበታቸው ወርዶ፣ ሣሩን አልፎ፣ አህያዋ እግር ሥር ደርሶ ነበር።